ራኩን ውሻን ከማን ጋር እንመድበው? ለመምህራንና ለተርጓሚዎች የቀረበ ንጽጽር

ጅማ ውስጥ ለአንድ ትምህርት ቤት የሥነ ሕይወት ክበብ ስለ ውሻ አስተኔ (ውሻን፣ ተኩላንና ቀበሮን የሚያቅፈው ቤተሰብ) የሚያስረዳ የግድግዳ ሠሌዳ ስናዘጋጅ፣ ከሁሉ ይበልጥ ያከራከረን የአገራችን እንስሳ ሳይሆን መኖሪያው ሩቅ ምሥራቅ እስያ የሆነው ራኩን ውሻ ነበር። ፎቶግራፉን ያየ ሁሉ ስም ለማውጣት አልተቸገረም፤ የተቸገርነው እኛ ነን፣ የወጡት ስሞች እርስ በርሳቸው አይስማሙምና። ተማሪዎቹ ራኩን፣ ማለትም ዓይኑ ዙሪያ ጥቁር የሆነው የአሜሪካ እንስሳ ነው አሉ፤ የእንግሊዝኛ መምህሯ ቀበሮ ነው አሉ። በወጣትነታቸው ጥርኝ ያረቡ የነበሩት ጎረቤቴ ሐጂ ደግሞ፣ ቡና እየጠጣን ሳለ ስልኬን ተቀብለው ከዓይናቸው ራቅ አድርገው ካዩት በኋላ፣ «ፊቱስ የጥርኝ ነው፤ ጋማው የታለ?» ሲሉ ጠየቁኝ።

ጥርኝን በቅርብ የሚያውቅ ሰው የሚጠይቀው ጥያቄ ነው። ጥርኝ ሲቆጣ ወይም ሲፈራ በጀርባው ላይ የተዘረጋውን ጥቁር ፀጉር ቀጥ አድርጎ ያቆማል፤ በፎቶው ላይ ያለው እንስሳ ግን ትከሻው ላይ የተንዠረገገ ፀጉር እንጂ እንዲህ ያለ ጋማ የለውም። ሐጂ ቀጠሉና «ዝባድስ ይሰጣል?» አሉ። «አይሰጥም፣ ሐጂ» አልኳቸው። «እንግዲያው ጥርኝ አይደለም» ብለው ስልኩን መለሱልኝ።

የሐጂ መመዘኛ አንድ ብቻ ነው፤ ለእርሳቸው ሥራም ይበቃል። ሠሌዳ የሚጽፍ መምህር ወይም ስለ እንስሳት የሚተረጉም ሰው ግን ከብዙ መመዘኛዎች አንዱን መምረጥና ምርጫውን ማስረዳት አለበት። ከዚህ በታች እንስሳው ሊመደብባቸው የሚችሉትን ቦታዎች እያነጻጸርሁ፣ የትኛው ለየትኛው ሥራ እንደሚስማማ የደረስሁበትን አቀርባለሁ። ዓመተ ምሕረቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

እንስሳው

ራኩን ውሻ በጃፓን፣ በኮሪያ፣ በቻይና፣ በሰሜን ቬትናምና በሩሲያ ምሥራቃዊ ዳርቻ የሚኖር፣ አጭር እግርና ጥቅጥቅ ያለ ፀጉር ያለው፣ ክብደቱ እንደየወቅቱ ከ4 እስከ 10 ኪሎ ግራም የሚደርስ እንስሳ ነው። ጃፓኖች ታኑኪ ይሉታል። እንቁራሪቱንም፣ አይጡንም፣ እንቁላሉንም፣ የረገፈ ፍሬውንም ሳያማርጥ ይበላል፤ ዛፍ ይወጣል፤ እንደ ውሻ አይጮህም። በውሻ አስተኔ ውስጥ ክረምቱን ተኝቶ የሚያሳልፍ እርሱ ብቻ ነው፤ ክረምት ስል በረዶውን ነው እንጂ የጅማን ዝናብ አይደለም። ለፀጉሩ ሲባል ሶቪየት ኅብረት ከ1920ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ወደ ምዕራባዊ ግዛቶቿ በሺዎች እየወሰደች ለቀቀችው፤ ከዚያ ወደ ፊንላንድ፣ ወደ ፖላንድና ወደ ጀርመን ስለ ተዛመተ የአውሮፓ ኅብረት ዛሬ ከወራሪ ባዕድ ዝርያዎች ተርታ አስገብቶታል።

ከራኩን ጋር ወይስ ከጥርኝ ጋር?

እነዚህ ሁለት አማራጮች በፍጥነት የሚወድቁ ናቸው፤ ይሁን እንጂ የተሳሳቱት የጅማ ሰዎች ብቻ እንዳልሆኑ መታወቅ አለበት። በ1834 እንስሳውን ለመጀመሪያ ጊዜ በሳይንሳዊ ስም የመዘገበው እንግሊዛዊው ጆን ኤድዋርድ ግሬይ ከውሾች ጋር ቢመድበውም የዝርያ ስሙን «ፕሮሲዮኖይደስ» አለው፤ ራኩን መሳይ ማለት ነው። ከ4 ዓመት በኋላ ሆላንዳዊው ቴሚንክ ከጃፓን የተገኘውን ሲመዘግብ «ቪቨሪኑስ» ብሎ ሰየመው፤ ትርጉሙ ጥርኝ መሰል ነው። አንዱ እንደ ተማሪዎቻችን፣ አንዱ እንደ ሐጂ ዓይን አይተውታል ማለት ነው። ቴሚንክ ለወገኑ፣ ማለትም ተቀራራቢ ዝርያዎችን ለሚያቅፈው ደረጃ፣ ያወጣው «ኒክተሬውተስ» የሚለው የግሪክ ስም በሌሊት የሚዞር የሚል ፍች አለው፤ ማንንም መሰለ ስለማይል ከሦስቱ ስሞች እኔ የምመርጠው ይህንኑ ነው።

ስጋ በል ተብሎ የሚታወቀው ክፍለ መደብ ከ40 ሚሊዮን ዓመታት በፊት ጀምሮ በሁለት ጎራ የተከፈለ ነው። በአንደኛው ጎራ ድመት፣ አንበሳ፣ ጥርኝ፣ ፋሮና፣ ብዙ ሰው ውሻ ቢጤ የሚመስለው ጅብም ይገኛሉ፤ በሌላው ውሻ፣ ድብ፣ ራኩንና የባሕር አንበሳ አሉ። ስለዚህ ጥርኝ ከራኩን ውሻ ይልቅ ለድመት ይቀርባል። ራኩን ከውሻው ጎራ ቢሆንም በዚያ ጎራ ውስጥ የውሻ አስተኔ ከሌሎቹ ሁሉ ቀድሞ የተነጠለ በመሆኑ፣ ራኩን ውሻና ራኩን የሚዛመዱት ውሻና ድብ የሚዛመዱትን ያህል ብቻ ነው።

ይህን ዲኤንኤ ሳይጠቅሱ ለተማሪ ማሳየት ይቻላል። ራኩን በአራቱም እግሮቹ አምስት አምስት ጣት ኖሮት የኋላ እግሩን መዳፉን አስነክቶ ይረግጣል፤ ራኩን ውሻ ግን እንደ ሰፈራችን ውሻ በጣቶቹ ላይ ቆሞ ይሄዳል፣ የኋላ እግሩም አራት ጣት ነው ያለው። ራኩንም ጥርኝም 40 ጥርስ ሲኖራቸው፣ ራኩን ውሻ እንደ ውሻ 42 ጥርስ አለው። የራኩን ጅራት ቀለበት ቀለበት ነው፤ የራኩን ውሻ ጅራት ቀለበት የለውም። ጥቁሩ የዓይን ዙሪያ፣ ማለትም ሁላችንንም ያሳተን ምልክት፣ ለዝምድና ምንም አይመሰክርም።

ከደቡብ አሜሪካ ቀበሮዎች ጋር?

ይህ አማራጭ እንደ ቀዳሚዎቹ በቀላሉ አይጣልም፤ ለረጅም ጊዜም ባለሙያዎች የያዙት ነበር። መነሻው መንጋጋ ነው። በክበባችን ሣጥን ውስጥ አንድ የውሻ የታችኛ መንጋጋ አለ፤ የታችኛውን ጠርዙን በአውራ ጣት እያዳሰሱ ከአገጩ ወደ ኋላ ቢሄዱ፣ ጠርዙ ሳይሰበር በለስላሳ ጎባጣ መስመር እስከ መንጋጋው ማዕዘን ይደርሳል። የራኩን ውሻን መንጋጋ በሥዕል ያየ ሰው ግን ከማዕዘኑ ጥቂት ቀደም ብሎ ወደ ታች የወረደ፣ እንደ ጆሮ ጫፍ የተጠጋጋ የአጥንት እብጠት ያገኛል። እዚያ ላይ አፍን የሚከፍተው ጡንቻ ይያያዛል፤ ትናንሽ ምግቦችን ቶሎ ቶሎ ለሚያኝክ እንስሳ ይጠቅማል ተብሎ ይታሰባል።

ይህን እብጠት ቶማስ ሄንሪ ሀክስሊ በ1880 ባሳተመው የውሻ አስተኔ ጥናት ላይ አትኩሮበታል። አስገራሚው ነገር እብጠቱ የሚገኝባቸው እንስሳት አድራሻ ነው፤ ከእስያ ራኩን ውሻ፣ ከአፍሪካ በእኛም አገር በኦሞ ሸለቆና በአዋሽ አካባቢ የሚገኘው ጆሮ ሰፊው ምስጥ በል ቀበሮ፣ ከሰሜን አሜሪካ ግራጫው ቀበሮ፣ ከደቡብ አሜሪካ ደግሞ ሸርጣን በል የሚባለው ቀበሮ። ቴድፎርድ፣ ቴይለርና ዋንግ የተባሉ ተመራማሪዎች የአጥንትና የጥርስ ምልክቶችን አንድ ላይ መዝነው በ1995 ባወጡት የዘር ሐረግ፣ ራኩን ውሻ የሸርጣን በሉ ቀበሮ የቅርብ ዘመድ ሆኖ ከደቡብ አሜሪካውያኑ ጎን ተቀመጠ።

የአጥንት ሚዛን መልካም ጎን አለው። ቅሪተ አካል ላይ የሚሠራ ሰው ከአጥንትና ከጥርስ ሌላ በእጁ የሚገባ ነገር የለምና፣ መንጋጋን የሚንቅ ሰው ያለፉትን ሚሊዮን ዓመታት ማንበብ አይችልም። ድክመቱ ግን ተመሳሳይ ኑሮ ተመሳሳይ አጥንት ማበጀቱ ነው። ሸርጣን በሉ ቀበሮና ራኩን ውሻ ሁለቱም ፍሬውንም ነፍሳቱንም እንቁራሪቱንም አንድ ላይ የሚያኝኩ በመሆናቸው፣ የኑሮ መመሳሰሉ የዝምድናን መልክ ይዞ ሊታይ ይችላል። ዘመድ ያልሆኑ ሁለት የጅማ ሸክላ ሠሪዎች አንድ ዓይነት ጀበና መሥራታቸው ወንድማማች እንደማያደርጋቸው ማለት ነው።

ከእውነተኛዎቹ ቀበሮዎች ጋር

በ2005 በከርስቲን ሊንድብላድ-ቶ መሪነት የውሻ ሙሉ ዘረመል ይፋ ሲሆን፣ ከዚያው ጋር የአስተኔው የዘር ሐረግ በ15 ሺህ ያህል የዲኤንኤ ፊደላት ላይ ተመሥርቶ ቀረበ። በሐረጉ ላይ አራት ቅርንጫፎች ይታያሉ፤ የተኩላና የውሻ ወገኖች፣ የደቡብ አሜሪካዎቹ፣ ፈረንጆች ቀበሮ የሚሏቸው የቩልፐስ ወገን እንስሳት፣ እንዲሁም ግራጫው ቀበሮ ከደሴት ዘመዱ ጋር። ራኩን ውሻ የተገኘው ከሦስተኛው ቅርንጫፍ ላይ ነው፤ ጆሮ ሰፊው ምስጥ በልም አብሮት አለ። ሸርጣን በሉ ከደቡብ አሜሪካዎቹ ጋር ቀረ፤ ግራጫው ቀበሮ ከሁሉም ተነጥሎ ቆመ። አንድ ዓይነት መንጋጋ የነበራቸው አራቱ እንስሳት በሦስት ቅርንጫፎች ተበተኑ ማለት ነው፤ እብጠቱ በየቦታው ለየብቻው እንደበቀለ ለማሳየት ከዚህ የበለጠ ማስረጃ አያስፈልግም።

በዚህ መሠረት ዛሬ በሰፊው ተቀባይነት ያገኘው አመዳደብ ይህ ነው፤ ክፍለ መደቡ ስጋ በል፣ አስተኔው የውሻ፣ ነገዱ (በአስተኔና በወገን መካከል ያለው ደረጃ) ቩልፒኒ፣ ወገኑ ኒክተሬውተስ። በነገዱ ውስጥ ሦስት ወገኖች አሉ፤ ቩልፐስ፣ ጆሮ ሰፊው ያለበት ኦቶሲዮን፣ እና ኒክተሬውተስ። ከሦስቱ ማን ቀድሞ እንደተነጠለ ጥናቶች አንድ ዓይነት መልስ ስለማይሰጡ፣ በሠሌዳ ላይ ሦስቱን ከአንድ ነጥብ ሲወጡ መሳል ከስሕተት ያድናል። «ለብቻው የተለየ ነገድ ይሁን» የሚለውን ሐሳብ የሚደግፉ አሉ፤ ልዩነቱ ብዙ መሆኑ እውነት ነው፣ ነገር ግን ልዩነቱን ወገኑ ራሱ ስለሚገልጸው ለትምህርት ቤት ተጨማሪ ደረጃ መፍጠር አይጠቅምም።

«ቀበሮ» የሚለው ቃል የሚያመጣው ችግር

እስካሁን ያለው የሌሎችን ሥራ ማነጻጸር ነበር። በአማርኛ ስንጽፍ ግን በእንግሊዝኛ የማይገጥም አንድ ችግር ይመጣል፤ እኔ ከሁሉ የከበደኝም ይኸው ነው። «ራኩን ውሻ ከውሻ ይልቅ ለቀበሮ ይቀርባል» ብዬ ብጽፍ፣ ቃሉ በሳይንሱ ትክክል ሆኖ ሳለ በአንባቢው ጭንቅላት ውስጥ ስሕተት ይሆናል። የገጠር ሰው ቀበሮ ሲል፣ ማታ ከቡና ማሳ ዳር የሚጮኸውን፣ ጫጩትና ግልገል የሚሰርቀውን እንስሳ ማለቱ ነው፤ እርሱ ደግሞ ከነዘመዶቹ ከተኩላና ከውሻ ቅርንጫፍ እንጂ ከቩልፐስ ቅርንጫፍ አይደለም። ከእነዚህ ቀበሮዎች አንዱ በ2015 የታተመ የዘረመል ጥናት እንዳሳየው እንዲያውም ከተኩላ ጋር በጣም የሚቀራረብ ራሱን የቻለ የአፍሪካ ዝርያ ነው።

ከዚህ የከፋው ቀይ ቀበሮ ነው። በአማርኛ ቀይ ቀበሮ ማለት በባሌና በሰሜን ተራሮች የሚኖረው የአገራችን ብርቅዬ እንስሳ ነው፤ ኦሮሞው ጄዳላ ፈርዳ ይለዋል፣ የፈረስ ቀበሮ እንደማለት። ረጅም አፍንጫውና ቀይ ፀጉሩ ለብዙ ዘመን ለፈረንጆችም ቀበሮ አስመስሎት የሰሜን ቀበሮ ሲሉት ኖረዋል፤ በ1994 የታተመ የዲኤንኤ ጥናት ግን የተኩላ የቅርብ ዘመድ መሆኑን አረጋገጠ። በአውሮፓና በእስያ ያለው፣ ቩልፐስ ቩልፐስ የተባለው እንስሳ ስም ከእንግሊዝኛ ቃል በቃል ሲመለስም ያው «ቀይ ቀበሮ» ይሆናል። እንግዲህ አንድ ተርጓሚ «ራኩን ውሻ የቀይ ቀበሮ ዘመድ ነው» ብሎ ቢጽፍ፣ አንባቢው ባሌን ያስባል፤ ያሰበው እንስሳ ደግሞ በሐረጉ ሌላኛው ጫፍ ላይ ነው ያለው።

በዚህ ቦታ ሦስት መውጫዎችን ሞክረናል። የመጀመሪያው «እውነተኛ ቀበሮ» ማለት ነበር፤ ነገር ግን የእኛን ቀበሮ ሐሰተኛ ማድረጉ አልተመቸኝም፣ ስሙን ቀድሞ የያዘው እርሱ ነውና። ሁለተኛው ለቩልፐስ አዲስ የአማርኛ ስም ማውጣት ነበር፤ አንድ ክበብ ያወጣው ስም ግን ከትምህርት ቤቱ አጥር አያልፍም። ሦስተኛው ወገኑን በሳይንሳዊ ስሙ በግዕዝ ፊደል መጻፍና መጀመሪያ ሲጠቀስ በአንድ ዓረፍተ ነገር ማስረዳት ነው። ይህኛው ለጆሮ ባይጥምም አያሳስትም፤ ለሠሌዳም፣ ለመማሪያ መጽሐፍም፣ ለተተረጎመ የቴሌቪዥን ዝግጅትም ሳልጠራጠር የምመክረው እርሱን ነው። ለልጆች ተረት ለሚጽፍ ሰው ግን «ራኩን ውሻ» ብቻ ብሎ ዝምድናውን ጨርሶ አለማንሣት ይሻላል።

ስለ ስሙም እግረ መንገዴን ልናገር። በፀጉር ንግድ ይኸው እንስሳ «የእስያ ራኩን» ተብሎ ይሸጣል፤ በልባሽ ገበያ ኮፍያው ፀጉር የተሰፋበት ጃኬት ላይ ይህ ከተጻፈ ከራኩን የተገኘ ነው ብሎ የሚተረጉም ሰው ተሳስቷል። «ታኑኪ» የሚለው ደግሞ የጃፓኑን ብቻ የሚመለከት ስለሆነ፣ ለቻይናው ወይም ለሩሲያው መዋሉ ቀጥሎ ባለው ጥያቄ ላይ ሳናውቀው ወገን ያስይዘናል።

አንድ ዝርያ ወይስ ሁለት?

ውሻ 78 ክሮሞዞም አለው። በዋናው የእስያ ምድር የሚኖረው ራኩን ውሻ 54፣ የጃፓኑ ግን 38 ብቻ ነው ያለው፤ በሁለቱም ላይ ቁጥራቸው ከአንዱ እንስሳ ወደ ሌላው የሚለያይ ጥቃቅን ተጨማሪ ክሮሞዞሞች ይገኛሉ። የጃፓኑ ቁጥር ያነሰው ዘረመሉ ስለጠፋ ሳይሆን ክሮሞዞሞቹ ጥንድ ጥንድ እየሆኑ ስለተጋጠሙ ነው፤ ብዙ ትናንሽ ክሮች ተቋጥረው ጥቂት ረጃጅም ክሮች እንደሚሆኑ። በዚህ ላይ የጃፓኑ በአካልም በራስ ቅልም አነስ ይላል፤ ባሕሩም ለረጅም ዘመን ለይቶ አቆይቶታል። ስለዚህ አንዳንድ ባለሙያዎች ኒክተሬውተስ ቪቨሪኑስ ብለው የተለየ ዝርያ ያደርጉታል፤ ሌሎች በድሮው መንገድ ንዑስ ዝርያ ይሉታል።

የእኔ ምርጫ ወደ ሁለቱ ዝርያ ያደላል፤ እንዲህ ያለ የክሮሞዞም ልዩነት ተራ የመልክ ልዩነት አይደለምና። ሆኖም ለፈተና የሚያዘጋጅ መምህር የያዘው መማሪያ መጽሐፍ አንድ ዝርያ ካለ፣ ተማሪውን በመልስ ወረቀት ላይ ማጋጨት ተገቢ ስላልሆነ፣ አንድ ብሎ ጽፎ ክርክሩን በቃል ማስረዳት ይችላል።

ጃፓን ውስጥ ስም ፍርድ ቤት አድርሷል። በ1924 በቶቺጊ አውራጃ አንድ አዳኝ ሁለት ታኑኪ ገደለ፤ ታኑኪ ማደን የተከለከለበት ወቅት በመግባቱ ተከሰሰ። አዳኙ ግን ያደንሁት ሙጂና የሚባለውን እንጂ ታኑኪ አይደለም አለ፤ በአካባቢው ሁለቱ የተለያዩ እንስሳት ተደርገው ይታወቁ ነበር። የአገሪቱ ከፍተኛ ፍርድ ቤት በ1925 ነጻ አወጣው። የእንስሳት ሊቃውንት ሁለቱ አንድ ናቸው ቢሉም፣ የሰፈሩ ሰው ለይቶ የሚጠራውን እንስሳ ስም አዳኙ በቅንነት ማመኑ አያስቀጣውም የሚል ነበር መንፈሱ። ሐጂ ይህን ስነግራቸው ፍርዱን ወደዱት።

በሠሌዳው ላይ የጻፍነው

ራኩን ውሻ የእስያ እንስሳ ስለሆነ ከእኛ ሠሌዳ ይውጣ ያሉም ነበሩ። ያስቀረው በአፋር ዲኪካ የተገኘው ቅሪተ አካል ነው። ሰላም የተባለችው የ3.3 ሚሊዮን ዓመቷ ሕፃን በተገኘችበት በዚያው ስፍራ፣ ከ3 ሚሊዮን ዓመት በላይ ዕድሜ ካለው ደለል የወጣ አንድ የውሻ አስተኔ እንስሳ፣ ሰላምን ያገኘው ዘረሰናይ ዓለምሰገድ በተሳተፈበት በ2010 የታተመ ጥናት ኒክተሬውተስ ሎክዉዲ ተብሎ ተሰይሟል። ዲኤንኤው ስለሌለ የተመደበው በአጥንቱ ነው፤ ቀደም ሲል ለዝምድና አልበቃም ያልነው የአጥንት ሚዛን እዚህ ላይ ብቸኛው ሚዛን ሆኖ ይመለሳል። በዘመናዊው እንስሳ ላይ ዲኤንኤን፣ በጥንቱ ላይ አጥንትን ያስቀደምነው በዚህ ምክንያት ነው።

በመጨረሻ ከፎቶው ሥር የሰፈረው ጽሑፍ እንዲህ ይላል፤ «ራኩን ውሻ። አስተኔ፦ የውሻ። ነገድ፦ ቩልፒኒ (በባሌ ያለው ቀይ ቀበሮ የዚህ ነገድ አይደለም)። ወገን፦ ኒክተሬውተስ። ዝርያ፦ በዋናው እስያ ፕሮሲዮኖይደስ፣ በጃፓን ቪቨሪኑስ። ይኸው ወገን ከ3 ሚሊዮን ዓመት በፊት በአፋር ይኖር ነበር።» ከጎኑ የጥርኝ ፎቶ በሌላ ቀለም ክፈፍ ተሰቅሏል፤ ከድመቶቹ ሠሌዳ ያመጣነው ለማነጻጸር ነው፣ ጋማውም ቆሞ ይታያል።